ዝናቡ የት ወደቀ? ከሱሉልታ እስከ ሰበታ የጎርፍ ትንበያ ስሌት

ከእንጦጦ ሸንተረር በስተ ሰሜን የወረደ ዝናብ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይፈስሳል። ከሜዳው ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ገብቶ በሱዳንና በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ያመራል። ከዚያው ሸንተረር በጥቂት ሜትሮች ወደ ደቡብ የወደቀው ግን ዕጣው ሌላ ነው፤ የአቃቂ ገባሮች ተቀብለውት በአዲስ አበባ መሐል ያልፋል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከአዋሽ ጋር ወርዶ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቡራዩ ከገፈርሳ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋር የተቀመጠችው በትንሹ አቃቂ ራስጌ ነው። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ሆና ውሃዋን በሰበታ ወንዝ በኩል ለአዋሽ ትሰጣለች። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። ውሃው ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ጎርፍን አስቀድሞ ለማወቅ የሚሠራ ስሌትም የሚጀምረው ከተፋሰስ ነው።

ስሌቱ ለእያንዳንዱ ዝናብ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ምን ያህል ወረደ? ከወረደው ምን ያህሉ ወደ መሬት ሰረገ፣ ምን ያህሉስ በላዩ ፈሰሰ? የፈሰሰው በስንት ሰዓት የትኛው ድልድይ ዘንድ ይደርሳል? በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ግማሹ ሳይሰርግ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዝ ቢገባ፣ ወንዙ በየሰከንዱ 7 ሜትር ኩብ ገደማ ይቀበላል። ዝናቡ የወረደበት መሬት 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ ፍሰቱ በሰከንድ ወደ 70 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ በበጋ ልጆች ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩትን ወንዝ ከዳርቻው ለማውጣት ይህ ይበቃል። እስከዚህ ያለው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። አስቸጋሪው ግማሽ ተብሎ የተገመተው ነው። ሲሶ ይሁን፣ ግማሽ፣ ወይም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ የሚወስነው መሬቱ ነው፤ መሬቱ ደግሞ በየቦታውና በየወቅቱ ጠባዩን ይለውጣል።

የቀደሙት የሃይድሮሎጂ ሊቃውንት ይህን ልዩነት በአማካይ አለፉት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሌሮይ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው ዘዴ አንድን ተፋሰስ እንዳለ እንደ አንድ አካል ወስዶ፣ ከላይ ለገባው ዝናብ ከታች የሚወጣውን ፍሰት የሚተነብይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሮፎርድና ሊንስሊ የኮምፒውተር ሞዴል ሲሠሩ የአፈር እርጥበትና ትነት በስሌቱ ውስጥ ቦታ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍሪዝና ሃርላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የመላውን ዘርፍ አቅጣጫ የቀየረ ንድፍ አወጡ፦ ተፋሰሱ በትንንሽ ክፍሎች ይከፈል፣ በእያንዳንዱ ክፍል የውሃው እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግ ይሰላ፣ ከዚያ ክፍሎቹ ይያያዙ የሚል። በዚያን ጊዜ ይህን የሚሸከም ኮምፒውተር አልነበረም። ንድፉ በ1980ዎቹ የዴንማርክ፣ የብሪታንያና የፈረንሳይ ተቋማት በጋራ በሠሩት ሞዴል አማካይነት ተግባር ላይ ዋለ። ዛሬ እንዲህ ቦታ ለይቶ የሚያሰላ ሞዴል ለመሥራት ተራ ላፕቶፕ በቂ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ ዛሬ በ30 ሜትር ልክ ለማንም በነፃ ይገኛል። ሞዴሉ ይህን ካርታ እያነበበ ከእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ክፍል የሚወጣው ውሃ በዙሪያው ካሉት ስምንት ጎረቤቶች ወደ የትኛው እንደሚወርድ ይወስናል፤ በዚህም የገደሉ፣ የጅረቱና የወንዙ መረብ በራሱ ይሳላል። ከዚያ በየክፍሉ ላይ የአፈሩ ዓይነት፣ የተሸፈነበት ነገርና የቁልቁለቱ መጠን ይመዘገባል። ስሌቱ ሲጀመር እያንዳንዱ ክፍል እንደ ባለ ሱቅ መዝገብ ገቢና ወጪውን ይይዛል። ዝናብ ገቢ ነው፤ ትነት፣ ወደ ከርሠ ምድር የሰረገውና በላይ የፈሰሰው ወጪ ናቸው፤ የቀረው በአፈሩ ውስጥ ያለ እርጥበት ሆኖ ለነገ ይሻገራል። ወጪው ለታችኛው ጎረቤት ገቢ ይሆናል። ይህ በየሰዓቱ፣ አንዳንዴም በየደቂቃው፣ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ክፍሎች ይደጋገማል። ውሃው ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ የቦዩ ስፋት፣ ተዳፋቱና ሻካራነቱ የማዕበሉን ፍጥነት ይወስናሉ።

ክፍሎቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ከወጨጫ ጫፍ እስከ አዋሽ ዳር የሚወርድ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በምዕራቡ ጎን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥድ አስተክለውበታል የሚባልለት የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ እዚያ የወደቀ ዝናብ መጀመሪያ በቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በብስባሹ ውስጥ ይሰርጋል፣ ወደ ጅረቱም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከደኑ ዝቅ ሲል ቀዩ አፈር የታረሰበት ተዳፋት ይመጣል፤ በሐምሌ መጀመሪያ ሰብሉ ገና አፈሩን ስላልሸፈነ ዶፉ ቀጥታ ባዶውን መሬት ይመታል፣ ቀይ የደፈረሰ ውሃ በፈር በፈሩ ይወርዳል። ቀጥሎ ሰበታ ናት፦ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፋብሪካ ግቢ፣ አስፋልት፣ የጅማ መንገድ፣ የጅቡቲ ባቡር መነሻ። እዚህ ዝናቡ የሚሰርግበት የለውም፤ ከጣሪያ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ በደቂቃዎች ይገባል። ከከተማዋ በታች ደግሞ መሬቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የበቾ ሜዳ ዋልካ ይጀምራል። ውሃው ፍጥነቱን አጥቶ ይተኛል። አዋሽ ሲሞላ ከዳርቻው ወጥቶ በዚህ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ የሰበታ ሀዋስና የኢሉ ገበሬዎችም ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀው ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ። ለዚህ ሁሉ አንድ አማካይ መስጠት ለአንዱም አለመስጠት ነው።

ከየት ነው ጎርፉ የሚነሣው ለሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው መልስ ከውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይለያል። የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጣው የፍሰት ሰንጠረዥ በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ስዋት የተባለው ሞዴልም በእሱ ላይ ነው የቆመው። ሰንጠረዡ አብዛኛውን ክብደት የሚሰጠው ለአፈሩ ዓይነትና ለተሸፈነበት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ግን በክረምት ወራት ዝናብ በላይ በላይ የሚወርድበት አገር ነው። በስዊስ ድጋፍ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቋቋሙ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወሎ ማይባር፣ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቲንሃውስና ባልደረቦቻቸው ሲመረመር አንድ ሥርዓት ታየ። በክረምቱ መጀመሪያ የዝናቡ አብዛኛው ይሰርጋል። ከትነት የተረፈው ዝናብ ተደምሮ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን፣ ከዚያ በኋላ ከሚወርደው ግማሹ ያህል ወደ ወንዝ ይወጣል። በሦስቱም ጣቢያዎች ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ጎርፉ በአብዛኛው የሚነሣውም ውሃ ከጠገበው የሸለቆ ግርጌና አፈሩ ከታጠበ ራቁት መሬት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ሰይፉ አድማሱ ጥላሁንና የሥራ ጓዶቻቸው ይህን መሠረት አድርገው ጥቂት ቁጥሮች ብቻ የሚፈልግ ሞዴል ሠርተዋል፦ መሬቱን ውሃ የሚጠግብ፣ የተራቆተና የሚያሰርግ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። መረጃ ለጎደለው አገር ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል፤ በመቶ የሚቆጠር ግምት ከሚጠይቅ የውጭ ሞዴል ይልቅ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ሱሉልታን በሰኔና በነሐሴ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። በሰኔ መጀመሪያ የሜዳው ጥቁር አፈር በበጋ ፀሐይ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። አፈሩ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ውሃ የማስረግ አቅሙም እጅግ ይቀንሳል። በነሐሴ ሜዳው በሙሉ ውሃ ይተኛበታል፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ረግረግ ይሆናል። ያው 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሰኔ ምንም ሳይፈጥር ያልፋል፤ በነሐሴ ሲመጣ ጎርፍ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዝናብ ብቻ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ በሰኔ በከንቱ ያስደነግጣል፣ በነሐሴ ደግሞ ይዘገያል። ቦታ ለይቶ የሚያሰላ ሞዴል ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደጠገበ ያስታውሳል።

ሜዳው ራሱም ባለበት አልቆመም። ከሃያ ዓመት ወዲህ በሱሉልታ የግጦሽ መሬት ላይ ቤት፣ መጋዘንና የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ተተክሏል። ውሃ ይተኛበት የነበረው ሜዳ በሙሌት ከፍ ሲል ውሃው አይጠፋም፤ ቀድሞ ያልደረሰበት ግቢ ይገባል። ቡራዩ ላይ ለውጡ ከዚህም ፈጣን ነው። ለአዲስ አበባ ቅርብ፣ ኪራይዋም ከአዲስ አበባ ያነሰ ስለሆነ ተዳፋቷ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ተሸፈነ፤ የባሕር ዛፉ ተራራ ተቆረሰ፣ የድንጋይ ካባዎች ተከፈቱ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በአነስተኛ ቦዮች ተሰብስቦ ትንሹ አቃቂን ይቀላቀልና ወደ ኮልፌ ይወርዳል። ቡራዩ ላይ የተሠራው ቤት ጎርፉን የሚያመጣው ኮልፌ ወንዝ ዳር በተሠራው ቤት ላይ ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ግን የሚገኙት በተለያየ መስተዳድር ነው፤ አንዱ በኦሮሚያ፣ ሌላው በአዲስ አበባ። ከአምስት ዓመት በፊት በሳተላይት ምስል የተዘጋጀ የመሬት ሽፋን ካርታ የያዘ ሞዴል ዛሬ ጣሪያ የሆነውን ቦታ አሁንም ማሳ ብሎ ያሰላዋል፤ የጎርፉን ጫፍ ያሳንሳል፣ መድረሻ ሰዓቱንም ያዘገያል። የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የሚሰጡት የግንባታ ፈቃድ ለውሃ መሐንዲሱም ቢደርስ ይህን ስሕተት በትንሽ ወጪ ማረም ይቻላል።

ሞዴሉ ትክክል ማስላቱ የሚታወቀው ከተለካ ፍሰት ጋር ሲነጻጸር ነው። በላይኛው አዋሽ ለዚህ የሚያገለግሉት ዋና መለኪያዎች በመልካ ቁንጥሬና በሆምቦሌ ይገኛሉ። መልካ ቁንጥሬ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጥንት ሰው መካነ ቅርስ ያለበት ሥፍራ ነው፤ እዚያ የሚያልፈው ውሃ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የተሰበሰበ ነው። ሆምቦሌ ከቆቃ ሐይቅ በላይ ሆኖ 7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ተፋሰስ ያጠቃልላል። በእነዚህና በመሰል ጣቢያዎች የቆየው አሠራር በወንዙ ዳር በተተከለ ባለ ልክ ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ ጠዋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ማንበብ ነው። ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው አስቀድመው ወንዙ ውስጥ ገብተው በለኩ ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ ውሃው ሲሞላ መግባት ስለማይቻል ሠንጠረዡ ደካማ የሚሆነው በጎርፍ ጊዜ፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

የሸዋ ክረምት ዝናብ አመጣጥ ደግሞ ይታወቃል። ጠዋት ይጠራል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው በወጨጫና በእንጦጦ ላይ ይከመራል፤ ወደ ማታ ዶፉ ይለቃል። ትንሽ ወንዝ ከዚያ በኋላ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ፣ ሌሊቱን ይጎድላል። የምሽቱ ንባብ ሲወሰድ ጎርፉ አልመጣም፤ የጠዋቱ ሲወሰድ አልፏል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው የሁለት ጸጥ ያሉ ሰዓቶች ቁጥር ነው። በዚህ መዝገብ የተስተካከለ ሞዴል ትልቁን ጎርፍ ሳያውቀው ያድጋል። የሞዴል ጥራት በብዛት የሚለካው ናሽና ሳትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት መለኪያ ሲሆን 1 ፍጹም መግጠምን፣ 0 ደግሞ ከአማካይ ፍሰት የማይሻል ትንበያን ያመለክታል። በወርሃዊ መረጃ 0.8 ያገኘ ጥናት በሰዓት ደረጃ ለሚመጣ ጎርፍ ምንም ማረጋገጫ አልሰጠም። እንግሊዛዊው ኪት ቤቨን ለዓመታት ያስጠነቀቀበት ሌላ ጉዳይም አለ፦ በጣም የተለያዩ የአፈርና የፍሰት ግምቶች ከታች ባለው አንድ መለኪያ ላይ እኩል ጥሩ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ሆምቦሌ ላይ ትክክል የሆነ ሞዴል ሰበታ ላይ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ሊታወቅ የሚችለው ሰበታ ላይ ከተለካ ብቻ ነው።

የዝናቡም መረጃ እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎች በብዛት ያሉት በከተሞችና በመንገድ ዳር ነው፤ ዶፉ የሚወርደው በተራራው ጀርባ ነው። ክፍተቱን ሳተላይት በከፊል ይሞላል። ቺርፕስ የተባለው ስብስብ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የዕለት ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ልክ ያቀርባል፤ ክረምቱ ምን ያህል እንደደረሰና አፈሩ ምን ያህል እንደጠገበ ለማወቅ ጥሩ ነው። አይመርግ የተባለው የናሳ ምርት በየግማሽ ሰዓቱ ይለካል፣ ነገር ግን ፈጣኑ ዕትም እንኳ ለተጠቃሚ የሚደርሰው 4 ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነው። የአዋሽ ውሃ ከቀናት በኋላ ለሚደርስበት አፋር ይህ መዘግየት ምንም ማለት አይደለም። ሰበታ ወንዝ ዳር ለተኛ ቤተሰብ ግን በ4 ሰዓት ውስጥ ጎርፉ መጥቶ ሄዷል።

ሁለቱን የጎርፍ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የትልቅ ወንዝ ሙላት ነው። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ አዋሽ አፋር ላይ ሞልቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅል ውሃው ከደጋው ተነሥቶ ቀናት ተጉዟል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ ዓለም አቀፍ የትንበያ ሥርዓቶች ይረዳሉ። የአውሮፓው ግሎፋስ ሊስፍሎድ በተባለ ቦታ ለይቶ የሚያሰላ ሞዴል ዓለምን በ5 ኪሎ ሜትር ክፍሎች ከፍሎ በየዕለቱ ይተነብያል። ጎግል ደግሞ ከ5,000 በላይ የወንዝ መለኪያዎች መዝገብ የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመጠቀም እስከ 7 ቀን የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በአዋሽ ላይ፣ በደጋውና በአፋር መካከል ያለው ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር ይይዝ የነበረውን ያህል አይይዝም፤ ከላይኛው ተፋሰስ የታጠበው አፈር ሐይቁን እየሞላው ነው። ስለዚህ የሆምቦሌ ፍሰት ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ቢታወቅ በሮቹን መቼና ምን ያህል መክፈት እንደሚገባ ለመወሰን ያስችላል፤ ድንገት የተለቀቀ ውሃ ለታችኞቹ ሌላ ጎርፍ ነውና።

ሁለተኛው ደራሽ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ውሃ በአብዛኛው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ተራራ ነው። ወጨጫና ሰበታ፣ እንጦጦና ቡራዩ በአቀማመጥ ከዚያ አይርቁም። በ5 ኪሎ ሜትር ክፍል ሲታይ ከወጨጫ ጫፍ እስከ ሰበታ ከተማ ያለው ተዳፋት ሁሉ በጣት በሚቆጠሩ አራት ማዕዘኖች ያልቃል፤ ደኑም፣ ማሳውም፣ ቆርቆሮውም አንድ ቀለም ይሆናሉ። እዚህ የዓለም ሥርዓቶቹ አይደርሱም። የራስ ሞዴል፣ በ100 ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ልክ፣ በየ10 ደቂቃው ዝናብ የሚነገረው ያስፈልጋል።

ለሱሉልታ ጥያቄው ከጎርፍም ያልፋል። ለአዲስ አበባ ውሃ ለማቅረብ ለረጅም ጊዜ በዕቅድ የቆዩት የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ያሉት በዚህ በኩል፣ በሙገር ተፋሰስ ነው። ቢሠሩ ለዓባይ የሚወርድ ውሃ በቧንቧ ሸንተረሩን ተሻግሮ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በፍሳሽነት አቃቂን ይቀላቀላል። ሞዴሉ ይህን ካልተነገረው የአንዱን ተፋሰስ ውሃ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ የሌላውን ያጎድላል። በበጋ ምን ያህል ውሃ እንደሚቀር፣ ሜዳው በቤት ሲሸፈን ወደ ከርሠ ምድር የሚሰርገው ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳየውም ይኸው ስሌት ነው።

ኮምፒውተሩ አለ፤ የከፍታ ካርታው በነፃ ይገኛል፤ ሞዴሎቹም አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ሙያው በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። የጎደለው ተራራው ላይ ያለው መለኪያ ነው። የሚቀጥለው በጀት ለአዲስ ሶፍትዌር ሳይሆን በወጨጫ ትከሻ ላይ በስልክ መረብ በየ10 ደቂቃው ለሚልክ ጥቂት የዝናብ መለኪያ፣ በሰበታ ወንዝ፣ ከገፈርሳ በታችና በሱሉልታ መውጫ ድልድዮች ላይ ደግሞ የውሃውን ከፍታ ሌሊቱንም ለሚመዘግብ መሣሪያ ይዋል። መለኪያው ሲተከል የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሰው ደመወዝ አብሮ ይያዝ፤ ማስጠንቀቂያውም በኦሮምኛና በአማርኛ ለቀበሌው ስልክ ይድረስ። በሸገር ከተማ፣ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ይህን የሚወስኑ ኃላፊዎች ሥራውን ከሰኔ በፊት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ እንዲጀምሩት ያስፈልጋል።